ያገለገለ መኪና ቀለም ይቀየር ወይስ ይቅር?

ነጭ ሆኖ ከፋብሪካ የወጣ፣ ኋላ ጥቁር የተቀባ መኪና ራቅ ብሎ ለሚያየው ሰው እንከን ላይኖረው ይችላል። የሾፌሩ በር ሲከፈት ግን በማጠፊያዎቹ ዙሪያ፣ በሩ ገጥሞ በሚዘጋበት ምሰሶ ላይ፣ ከበሩ ዙሪያ ጎማ ሥር ነጩ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ጥቁሩ በሚያበቃበት መስመር ላይ ጥፍር ቢያስኬዱ ሲቀባ መሸፈኛ የነበረው የወረቀት ፕላስተር የተወው ቀጭን እርከን ይነካል። ቀለሙ መላጥ ሲጀምር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚያች እርከን ነው።

ቀለም ለመቀየር ያሰበ ሰው ከቀለም ካታሎጉ በፊት ማየት ያለበት ይህን ቦታ ነው። በሮቹ ሲከፈቱ፣ ኮፈኑ ሲነሣ፣ የነዳጅ ክዳኑ ሲገለጥ የሚታየው ሁሉ ይቀባል ወይስ እንዳለ ይተዋል? ወጪውም፣ ጊዜውም፣ መኪናው ሲሸጥ የሚያወጣው ዋጋም በዚህ መልስ ላይ የቆመ ነው።

አንድ የሚመስሉ ሁለት ሥራዎች

መኪና በራሱ ቀለም ሲቀባ ብዙ ነገር ይታለፍለታል። የውስጡ ጠርዝ ያው ቀለም ስለሆነ በሮቹን ዘግቶ ውጩን ብቻ መርጨት ያስኬዳል። ጎማ ሥር ትንሽ ቢቀር ዓይን ውስጥ አይገባም። ጠጠር መትቶ ቢቦጭቀውም ከሥር የሚታየው ያው የቀድሞ ቀለም ነው።

ቀለሙ ሲለወጥ ይህ ሁሉ ይቀራል። በሮቹ ይወርዳሉ፤ ባይወርዱ እንኳ ጎማቸው፣ እጀታቸው፣ መቆለፊያቸውና የውስጥ ልባሳቸው ይፈታል። የፊትና የኋላ ፓራውልት፣ መብራቶቹ፣ ስፖኪዮዎቹ፣ የመስኮት ዳር ጎማዎቹና አርማዎቹ ይነሣሉ። የኮፈኑ የውስጥ ፊት፣ የዕቃ መጫኛው ክዳንና አፉ፣ የነዳጅ መሙያው ጉድጓድ፣ የበሮቹ የታች ከንፈር እያንዳንዱ ለብቻው ይታጠባል፣ ይሻከራል፣ ይቀባል። የሞተሩ ክፍል ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። በትክክል ይቀባ ከተባለ ሞተሩ መውጣት አለበት። ለዚህ ነው ጥሩ የሚባል ባለሙያ እንኳ የኮፈኑን ውስጥና የፓራፋንጎውን የላይ ጠርዝ ቀብቶ የቀረውን የሞተር ክፍል በነበረበት የሚተወው። ነውር የለበትም፤ ግን ሥራው ሲጀመር ሳይሆን ውል ሲገባ መነገር ያለበት ነገር ነው።

መርጨቱ ራሱ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። ጊዜ የሚበላው መፍታቱ፣ ማሻከሩ፣ መሸፈኑና መልሶ መግጠሙ ነው። በወጉ የተሠራ የቀለም ቅየራ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። «በሦስት ቀን አስረክባለሁ» የሚል ሰው በሮቹን ዘግቶ ሊቀባ እንዳሰበ መገመት አያስቸግርም።

የፋብሪካው ቀለም ምን አለው?

የፋብሪካ ቀለም ንብርብሩ ሁሉ ተደምሮ በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ነው፤ የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ነውና የሁለት ፀጉር ውፍረት እንደማለት ነው። ባዶው ላሜራ መጀመሪያ በኬሚካል ይታጠባል። ቀጥሎ መላው አካል ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት የቀለም ገንዳ ውስጥ ይነከራል። በዚህ ጊዜ ብረቱ ላይ የሚጣበቀው 20 ማይክሮን ገደማ የሆነ ሽፋን ዋናው የዝገት መከላከያ ሲሆን፣ የትኛውም መርጫ ሊደርስበት በማይችለው የብረት ስንጥቅና ሣጥን ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ከዚያ በላይ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚረጨው መሠረት)፣ ቀለምና ክሊር (ላዩን የሚያበራው ቀለም አልባ ሽፋን) ይከተላሉ። ሽቦ፣ መስታወትና ወንበር ገና አልገቡም፤ ስለዚህ አካሉ 140 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሙቀት ባለው ምድጃ ውስጥ ይጋገራል።

ጋራዥ የሚገባው መኪና ሙሉ ዕቃውን ይዞ ነው። በዚህም ምክንያት መጋገሪያው 60 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ ያህል ብቻ ይሠራል፤ ቀለሙን የሚያጠነክረው በዋናነት ሲደባለቅ ከሚጨመርበት ማጠንከሪያ፣ ከሃርድነሩ፣ ጋር የሚፈጥረው ውሕደት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ደግሞ አምራቹ ለባትሪው ያስቀመጠው የሙቀትና የሰዓት ገደብ መጀመሪያ ይጠየቃል። በጥንቃቄ የተቀባ የጋራዥ ቀለም ረጅም ዕድሜ አለው። ሆኖም ጤነኛ የፋብሪካ ቀለም አንዴ ከተፋቀ የሚመልሰው የለም። ቀለሙ ያልተላጠ፣ ዝገት ያልነካው፣ አንድም ቀን ያልተቀባ መኪና ላይ «ሰለቸኝ» ብቻ ተብሎ ብርጭቆ ወረቀት ባይነሣበት ይሻላል።

የፈዘዘ ሁሉ ደግሞ አላለቀም። ክሊሩ ገና ካለ በኮምፓውንድና በፖሊሽ ማሽን ተወልውሎ ሊመለስ ይችላል። መለየቱ ቀላል ነው፤ የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ይሞከራል። ከበራ ችግሩ የላይ ነው። እየላጠ ነጭ ቅርፊት የሚያወጣ ከሆነ፣ ወይም ዳር ዳሩን እንደ ካርታ የተሳለ ጠርዝ ካበጀ ክሊሩ ሞቷል፤ ምንም ዓይነት ፖሊሽ አይመልሰውም።

ከመወሰን በፊት የሚደረግ ምርመራ

የቀለም ውፍረት መለኪያ ትንሽ መሣሪያ ናት፤ ላሜራው ላይ ተደግፋ በማይክሮን ቁጥር ትሰጣለች። በእያንዳንዱ በር፣ ፓራፋንጎና ኮፈን ላይ አምስት ስድስት ቦታ ይለካል። እስከ 180 ድረስ ያለ ቁጥር ሁሉም ቦታ ላይ ከተቀራረበ የፋብሪካ ቀለም ነው ለማለት ያስደፍራል። ከ200 እስከ 350 ከሆነ ያ ክፍል አንዴ ተቀብቷል። ከ1000 ካለፈ፣ ማለትም አንድ ሚሊ ሜትር ከደረሰ፣ ከሥር ስቱኮ፣ ማለትም የጎደጎደ ላሜራ የሚሞላበት ልጥፍ፣ አለ። ኮፈናቸው ወይም በራቸው አልሙኒየም የሆኑ መኪኖች አሉና መለኪያዋ ሁለቱንም ብረት የምታነብ መሆኗ ይረጋገጥ። መለኪያ ከሌለ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ለብረት ላሜራ ይጠቅማል፤ ስቱኮው ወፍራም የሆነበት ቦታ ላይ መሳቡ ይደክማል።

ነገሩን የሚቆርጠው ድምሩ ነው። አሮጌው ቀለም ጤነኛ ሆኖ ተሻክሮ በላዩ ቢቀባ ከ100 በላይ ማይክሮን ይጨመራል። አስቀድሞ ሁለት ጊዜ የተቀባ መኪና ላይ ሦስተኛ ከተደረበ ቀለሙ ይወፍርና ይሰባበራል፤ ጠጠር ሲመታው እንደ ሸክላ ይዘረገፋል። ያለው ውፍረት 300 ገደማ ከደረሰ አሮጌውን ማንሳት ይመረጣል፤ ይህ ደግሞ የሥራውን መጠን በእጅጉ ይጨምራል።

ቀጥሎ የቲነር ሙከራ አለ። በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በበሩ የታች ጠርዝ ላይ፣ ቲነር የነካ ነጭ ጨርቅ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተይዞ ይታሻል። ቀለሙ ከለሰለሰ ወይም ጨርቁን በደንብ ከቀባው በቦታው ያለው ያለ ሃርድነር የተቀባ ቀለም ነው። በላዩ አዲስ ቀለም በቀጥታ ቢረጭ የአዲሱ ቲነር ከሥር ገብቶ ያብጠዋል፣ ገጹም እንደ ፈላ ወተት ቆዳ ይሸበሸባል። መፍትሔው ማንሳት ነው፤ አንዳንዶች በመካከል ኤፖክሲ ፕራይመር ረጭተው ሁለቱን ቀለሞች ለመለየት ይሞክራሉ፣ ውጤቱ ግን የዕድል ጉዳይ ነው።

መያዙን ለማወቅ በስለት ጥቂት የተጠላለፉ መስመሮች ተጭረው ጠንካራ ፕላስተር ይለጠፍና በአንዴ ይነጠቃል። ፕላስተሩ ቀለም ይዞ ከመጣ የሥሩ መሠረት አያስተማምንም።

እነዚህ ሁሉ የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው። ቀለም መቀየር የሚያዋጣው መኪናው የግድ ሙሉ በሙሉ መቀባት ባለበት ጊዜ ነው። ክሊሩ የተላጠ፣ ብዙ ክፍሉ ባትላሜራ ገብቶ የሚወጣ፣ ባለቤቱም ለዓመታት ሊይዘው ያሰበ መኪና ከሆነ ለአዲሱ ቀለም የሚጨመረው የውስጥ ጠርዞች ሥራ ብቻ ይሆናል። ለመሸጥ ተብሎ የሚቀየር ቀለም ግን ገንዘቡን አይመልስም። ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ደርሶበት ነው?» ነው።

ከየትኛው ወደ የትኛው?

ቀለማት እኩል አይሸፍኑም። ብርማና ጥቁር በጥሩ ሁኔታ ይሸፍናሉ። ቀይና ቢጫ የሚያሳልፉ ስለሆኑ ከጥቁር ላይ ወደ ቀይ ሲኬድ አራትና አምስት ዙር ሊጠይቅ ይችላል፤ ለዚህ ነው ሥሩ ላይ ተስማሚ ግራጫ ወይም ወደ ቀለሙ የተጠጋ ፕራይመር የሚረጨው። ሸፈነ አልሸፈነ በዓይን መፍረድ ያሳስታል። ጥቁርና ነጭ ካሬ ያለባት ትንሽ ወረቀት መኪናው ላይ ተለጥፋ አብራ ትረጫለች፤ ካሬዎቹ መለየታቸው ሲጠፋ ቀለሙ ሸፍኗል።

ጥቁር ግን ከሁሉም ጨካኙ ነው። ነጭ የሚደብቀውን የላሜራ ሞገድ ሁሉ እንደ መስታወት ያሳያል። የቆየ በር ላይ የነበረች የግፊት ጠባሳ፣ በደንብ ያልተስተካከለ ስቱኮ፣ የፖሊሽ ማሽን የሠራቸው ክብ ጭረቶች ፀሐይ ሲመታቸው ይወጣሉ። ነጭ መኪናን ወደ ጥቁር መለወጥ ማለት ባትላሜራውን እንደገና መሥራት ማለት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሙቀትም አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ጥናት ፀሐይ ላይ የቆሙ ጥቁርና ብርማ ተመሳሳይ መኪኖችን አነጻጽሮ የብርማው ውስጠኛ አየር ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ያህል ቀዝቅዞ አግኝቶታል።

ሜታሊክና ፐርል የሚባሉት ባለ ብልጭታ ቀለሞች ያማሩ ናቸው፤ ወደፊት አንድ በር ሲጫር ግን ማስተካከሉ ከባድ ነው። በውስጣቸው ያለው ብናኝ የሚያርፍበት አቅጣጫ በረጪው እጅ፣ በግፊቱና በርቀቱ ይለዋወጣልና ያው ቀለም በሌላ ቀን ሌላ ሆኖ ይታያል። ክሊሩ የማያበራ ዓይነት የተመረጠ እንደሆነ ደግሞ ፖሊሽ አይነካውም፤ ጭረት ከወጣበት መፍትሔው ያንን ክፍል እንደገና መቀባት ነው። ለዕለት ተዕለት መኪና ያለ ብልጭታ የሆነ ተራ ቀለም የሚሻል ይመስለናል።

ሥራው፣ የሚበላሸውም ጭምር

መካከለኛ የቤት መኪና ውጩ ብቻ ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ያልቀጠነ ቀለም ይወስዳል። የውስጥ ጠርዞቹ ሲጨመሩ ተጨማሪ ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይታሰባል፤ ቀይ ወይም ቢጫ ከሆነ ሌላ አንድ ሊትር። ብዙ ቀለሞች በእኩል ቲነር ስለሚቀጥኑ የሚረጨው እጥፍ ይሆናል። ክሊር 3 ሊትር ከ1.5 ሊትር ሃርድነር ጋር፣ ፕራይመር ከ2 እስከ 3 ሊትር ይበቃል። ትክክለኛው ድብልቅ በምርቱ ቆርቆሮ ላይ የተጻፈው ነው። ቀለሙ በሁለት ሦስት ጣሳ ከመጣ ሁሉም በአንድ ትልቅ ዕቃ ተገልብጦ ይደባለቃል፤ አለበለዚያ በሩ ከፓራፋንጎው ትንሽ ይለያል።

ከመሻከሩ በፊት መኪናው ይታጠባል፣ ከዚያም በቅባት ማስወገጃ ፈሳሽ በሁለት ጨርቅ ይጠረጋል፤ አንዱ ያረጥባል፣ ሌላው ሳይደርቅ ያነሣል። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ፣ ማለትም መጀመሪያ ብርጭቆ ወረቀት ከተነሣ፣ የዳሽቦርድና የጎማ ማብሪያ ሲሊኮን በጭረቱ ውስጥ ይቀበራል። ቀለም ሲረጭበት ከዚያ ነጥብ ዙሪያውን ይሸሻል፤ ምስር የሚያክሉ ክብ ጉድጓዶች ይወጣሉ። አንድ ጊዜ ከወጡ በኋላ በላያቸው ተጨማሪ መርጨት አይደፍናቸውም።

ስቱኮ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይጀመራል፣ በ120ና በ180 ይለሰልሳል። ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ እንዲወፍር መተው ወጪን ወደፊት ማሳደር ነው፤ ላሜራው በሙቀት ሲሰፋና ሲጠብ ወፍራም ስቱኮ ይሰነጠቃል። በላዩ ፕራይመር ሁለት ሦስት ዙር ይረጫል፣ ጥቁር ብናኝ ይነፋበታል፣ በረጅም ጠፍጣፋ እንጨት ተደግፎ በ400 ከዚያም በ500 ይሞረዳል። ብናኙ የቀረበት ቦታ ጎድጎድ ያለ ነው። እንጨቱ ተትቶ በጣት ከተሞረደ የጣት ቅርጽ ያለው ሞገድ ይቀራል፤ ጥቁር ቀለም ላይ እያንዳንዱ ጣት ይቆጠራል።

በበሮች ጠርዝና ማጠፊያ ላይ ብርጭቆ ወረቀት አይደርስም፤ ግራጫ ሻካራ ስፖንጅ ነው የሚያገለግለው። ሠራተኛው የሚሰለቸው እዚህ ነው። ባልሻከረ ገጽ ላይ የተረጨ ቀለም ለጊዜው ያምራል፣ ወራት ቆይቶ ግን በጥፍር ተነሥቶ እንደ ላስቲክ ይላጣል።

ዋናው ቀለም 1.3 ሚሊ ሜትር አፍ ባለው መርጫ፣ በ2 ባር ግፊት ገደማ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ፣ እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን ግማሽ እየሸፈነ ይረጫል። በዙሮች መካከል ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ገጹ ብርሃኑን አጥቶ እስኪደበዝዝ ድረስ ይጠበቃል። ሜታሊክ ከሆነ የመጨረሻው ዙር ትንሽ ራቅ ተብሎ በቀላሉ ይነፋል፤ ካልሆነ ጠቆርና ነጣ ያሉ ሰንበሮች ይወጣሉ። መጠበቁ ከተዘለለና ክሊሩ እርጥብ ቀለም ላይ ከተረጨ፣ ወይም ክሊሩ ወፍሮ መጋገሪያው ፈጥኖ ከሞቀ፣ የታፈነው ቲነር እየቀደደ ይወጣል፤ መርፌ የወጋው የሚመስሉ ቀዳዳዎች ይቀራሉ። ቀስ ብሎ የወጣ እንደሆነ ደግሞ ዕለቱን የሚያበራው መኪና ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይፈዛል፣ የብርጭቆ ወረቀቱ ጭረቶች ከሥር ይታያሉ። ኮምፕሬሰሩ ውኃ ማጣሪያ ከሌለው ጠብታ ከአየሩ ጋር ይገባና ኋላ ቀለሙን ያሳብጠዋል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መታለፍ የለበትም። የክሊርና የፕራይመር ሃርድነሮች በአብዛኛው አይሶስያኔት የሚባል ጎጂ ኬሚካል አለባቸው። አስም ያመጣል፤ አንዴ ሰውነት ከቆጣው በጥቂቱም ያስነሣል። ሽታውም ማስጠንቀቂያ ስለማይሰጥ የከሰል ማጣሪያው አልቆ እንደሆን አይታወቅም፤ ትክክለኛው መከላከያ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚቀበል ጭንብል ነው። በቤት ጓሮ ሙሉ መኪና መርጨት ለራስም ለጎረቤትም የማይሆነው ለዚህ ነው።

ፓራውልት ደግሞ ፕላስቲክ ነው። በፕላስቲክ ማጣበቂያ ፕራይመር ካልተጀመረ መጀመሪያ የሚላጠው እሱ ነው። አዳዲስ መኪኖች ላይ ከበስተጀርባው ራዳር ሊኖር ይችላል፤ ወፍራም ቀለም፣ በተለይም ብረት ብናኝ ያለበት ሜታሊክ፣ የራዳሩን ሞገድ ያደክመዋል። ለዚህ ክፍል አምራቹ ያስቀመጠው የውፍረት ገደብ ይከበራል፣ አሮጌው ቀለም ሳይነሣ በላዩ አይደረብም። የማቆሚያ ዳሳሾቹም ላይ ወፍራም ቀለም ካረፈ የሌለ ግድግዳ እያዩ ይጮኻሉ።

ፊልም መለጠፍስ?

የፋብሪካ ቀለሙ ጤነኛ ሆኖ ቀለሙ ብቻ ላልተወደደ መኪና የቪኒል ፊልም የተሻለ መልስ ነው። የሚሸጠው 1.52 ሜትር ስፋት ባለው ጥቅል ሲሆን ለመካከለኛ የቤት መኪና ከ18 እስከ 22 ሜትር ይፈልጋል። ለመኪና የሚሆነው ካስት የሚባለው ቀጭን ዓይነት ነው፤ ርካሹ ካለንደርድ በጊዜ ብዛት ይኮማተርና ጠርዙን ይተዋል። ጎኖቹ ላይ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይቆያል፤ ኃይለኛ ፀሐይ ባለበት ኮፈንና ጣሪያ ላይ ያነሰ ነው። የበሮቹን ውስጥ አይሸፍንም። ሆኖም ሲላጥ ከሥር ያለው የመጀመሪያው ቀለም ነው፣ ገዢ ሲመጣም የሚከራከረው የለም። የሚያሰጋው ቀለሙ እየተላጠ ያለ ወይም በደንብ ያልተቀባ መኪና ላይ ከተለጠፈ ነው፤ ፊልሙ ሲነሣ ቀለሙን ይዞ ይወርዳል። ስለት ይዞ መኪናው ላይ የሚቆርጥ ለጣፊ ደግሞ ቀለሙ ላይ መስመር ጭሮ ይተዋል፤ ክር ባለው መቁረጫ ፕላስተር የሚሠራውን መምረጥ ነው።

ወረቀቱና ውሉ

በብዙ አገር የመኪናው ቀለም በሊብሬው ላይ ይሰፍራል። ፊልምም ሆነ ቀለም ቢቀየር መዝገቡና የመድን ፖሊሲው መስተካከል እንዳለባቸው ከመቀባት በፊት ይጠየቅ፤ አንዳንድ ቀለማት ለፖሊስ ወይም ለታክሲ የተተዉባቸው ቦታዎችም አሉ።

ከቀቢው ጋር የሚፈረመው ወረቀት የሚቀቡትን ክፍሎች በስም ይዘርዝር፦ የበር ማጠፊያዎች፣ ምሰሶዎች፣ የኮፈን ውስጥ፣ የዕቃ መጫኛ አፍ፣ የነዳጅ ክዳን። «ሙሉ መኪና» የሚለው ቃል ለእርሱና ለባለቤቱ አንድ ትርጉም አይኖረውም። የሚፈቱት ዕቃዎች ዝርዝር፣ የቀለሙና የክሊሩ ምርት ስም፣ ስንት ዙር እንደሚረጭ አብሮ ይጻፍ። ርክክቡ በቀን ብርሃን ይሁን፤ በሮቹ ሁሉ ተከፍተው፣ የመስኮት ጎማዎች ተገልጠው፣ ጥቅም ላይ በዋለችው የውፍረት መለኪያ እንደገና ተለክቶ። ከ350 በላይ የሚወጣ ክፍል ካለ ምክንያቱ ይጠየቅ። ለመጀመሪያው አንድ ወር በእጅና በውኃ ብቻ ይታጠብ፣ ሰም አይቀባ፤ ቲነሩ ገና እየወጣ ነው።

በሩ ምሰሶ ላይ ያለችው የፋብሪካ ታርጋ የምትናገረው የድሮውን የቀለም ቁጥር ነው፤ ከአሁን በኋላ ለቀቢ አትጠቅምም። የአዲሱ ቀለም ቀመር፣ የምርቱ ስምና የተቀባበት ቀን በወረቀት ተጽፎ ኮፈኑ ሥር ይለጠፍ፣ ከተረፈው ያልቀጠነ ቀለም ላይም 100 ሚሊ ሊትር በጥብቅ ክዳን ተዘግቶ ለመጀመሪያዋ ጭረት ይቀመጥ።